የብረት ጎማው

ትናንት ወረታ ላይ አንድ መካኒክ የእጅ ትራክተር ጎማ አውልቆ፣ ለሩዝ ማሳ ጭቃ የሚሆነውን የብረት ጎማ ሲገጥም አየሁ። የናፍጣው ሽታ ሲመጣ ቆሜ አየሁት።

ልጅ ሳለሁ አባቴም በመንደራችን በቁሐር፣ ማሳችን ዳር ላይ፣ እንዲሁ የብረት ጎማ ገጠመ። ሞተሩን አስነስቶ እጀታውን ለአያቴ አስረከበና «እስቲ ይሞክሩት፣ አባባ» አለ። ትራክተሩ ጭቃውን እየረጨ ሲሄድ፣ አባቴ ጎርፍ ያመጣውን ግንድ ከፊታችን ሊያነሳ ሮጦ ጎንበስ አለ። አያቴ ዕድሜ ልካቸውን በበሬ ነው ያረሱት። ትራክተሩንም እንደ በሬ «ቁም! ቁም!» አሉት።

እኔ ከጎናቸው ነበርኩ። በግራ በኩል ያለው ፍሪሲዮን ሲሳብ እንደሚያቆመው አባቴ አሳይቶኝ ነበር። እኔም ግን «ቁም!» ብዬ ጮኽኩ። ብረቱ አልሰማንም።

ከአባቴ ቀብር መልስ አያቴን በረት ውስጥ ቦራ የሚሉትን በሬያቸውን አንገቱን አቅፈው አገኘኋቸው።

«አየሽ ልጄ፣ የዚያን ብረት ስም ባውቀው ይቆምልኝ ነበር» አሉኝ።

ፍሪሲዮኑን እንደማውቅ አልነገርኳቸውም። እሳቸውም ሳይሰሙ ሞቱ።

ትናንት መካኒኩ ሞተሩን ሲያስነሳ፣ ግራ እጄ ተዘርግቶ ባዶ አየር ሳበ።