በጃንዋሪ የተከፈተ መስኮት

ላፕቶፑን የሰጠችኝ አብራኝ የምትሠራ ሴት ናት። አዲስ ስትገዛ አሮጌውን "ውሰጂው፣ ይሠራል" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ይሠራል። ግን ከተከፈተ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ፋኑ ጠጠር የገባበት ወፍጮ ይመስል መንጓጓት ይጀምራል፤ ከዚያ ጸጥ ይላል፤ ጸጥ ካለ በኋላ ሆዱ እየጋለ ይሄድና ድርግም ብሎ ይጠፋል። ሲንጓጓ ደህና ነው፣ ዝም ሲል ነው የሚያስፈራኝ።

ያኔ የምንኖረው ክሪስታል የምትባል ከተማ ውስጥ በተከራየናት ትንሽ ቤት ነበር፤ እኔ፣ ባሌ፣ ልጃችንና ባሌን ያሳደጉት አጎቱ። እኔ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ረዳት ነበርኩ። ረዳት ማለት ታጥቢያለሽ፣ ታገላብጫለሽ፣ ታጎርሻለሽ፤ ከዚያ ዕድሜዋ የአንቺን ግማሽ የሆነ ነርስ ትመጣና አንቺ ያየሽውን በራሷ ስም ትጽፈዋለች። ስድስት ዓመት እንዲህ ሠርቼ በሰባተኛው በቃኝ። ነርስ ልሆን ቆረጥኩ።

ትምህርት ቤቱ የመግቢያ ፈተና አለው፤ የሚፈቀደውም ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን በትንሽ ነጥብ ወደቅሁ። ሁለተኛውን ከወደቅሁ የዚያ ትምህርት ቤት ነገር አበቃ። መፈተኛ ክፍላቸው ማመልከቻ እስከሚዘጋበት ቀን ድረስ በወረፋ ሞልቶ ስለነበር የቀረኝ ምርጫ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ በካሜራ እየተጠበቅሁ፣ በዚያው ላፕቶፕ መፈተን ሆነ።

ለባሌ ነገርኩት። ስኔሊንግ አቨኒው ላይ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን የሚያውቀው ሰው ነበረ።

"ሳተርደይ በዚያ በኩል ድራይቭ ስለማደርግ ድሮፕ አደርግልሻለሁ፤ አታስቢ" አለኝ።

ሳተርደይ መጣ፣ ሄደ። ሌላም መጣ። እኔ ራሴ ልውሰደው ስል "ሰውዬው የሚያውቀው እኔን ነው" ይላል። አዲስ እንግዛ ስል ደግሞ "ፈተናውን እለፊና እንገዛለን" ይላል። ከሰው እንዳልዋስ፣ የመጀመሪያው መውደቄ በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ "አይዞሽ" የማይለኝ ሰው ጠፍቶ ነበር። ሁለተኛ "አይዞሽ" የምሸከምበት ትከሻ አልነበረኝም። ስለዚህ ከላፕቶፑ ጋር እኔና እሱ ብቻችንን ቀረን።

አንድ ወር ተኩል ነበረኝ። መጀመሪያ አራት የውሃ ጠርሙስ ክዳኖች ከሥሩ ደርድሬ ከጠረጴዛው ከፍ አደረግሁት። አሥር ደቂቃ ጨመረልኝ። ቀጥሎ ከኦቨኑ የሽቦ መደርደሪያውን አውጥቼ እሱ ላይ አስቀመጥኩት፤ ባሌ ዶሮ ሊጠብስ ፈልጎ ቢያጣው ቤቱን አንድ አደረገው። ከዚያ የበጋውን የጠረጴዛ ማራገቢያ ከቤዝመንት አመጣሁ። ውጭ በረዶ እየጣለ እኔ ማራገቢያ ከፍቼ ስቀመጥ ልጄ በሩ ላይ ቆማ፣ "ማሚ፣ ዋይ ኢዝ ዘ ፋን ኦን? ኢትስ ዊንተር" አለችኝ።

"ላፕቶፑ ሞቆት ነው።"

"ዛትስ ሶ ዊርድ" ብላኝ ሄደች። ልክ ናት።

ከፍሪዘር አንድ ከረጢት አተር አውጥቼ በፎጣ ጠቅልዬም ሞከርኩ። እሱ አርባ ደቂቃ ሰጠኝ፤ ግን አተሩ ሲቀልጥ ፎጣውን አልፎ ጠረጴዛውን አረሰረሰው፣ ማታ ደግሞ ያንን አተር ለመጨረስ ወጥ ልሠራበት ተገደድኩ። አንድ ቀን ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ላፕቶፑን በኋላ በር አውጥቼ በረዶው ላይ አስቀመጥኩት። ሳስገባው የቤቱ ሙቀት አገኘውና መላ አካላቱን አላበው፤ በቁልፎቹ መሃል ጠብታ ቆመ። ሁለት ቀን ገልብጬ አስተኝቼው አልነካሁትም። እንዲድንልኝ ስለት ተሳልኩ። ለሰው ብናገር ማን ያምነኛል?

በመጨረሻ መላ የሆነኝ የመኝታ ቤቱ መስኮት ነው። ጠረጴዛውን መስኮቱ ሥር አስጠጋሁ፣ መስኮቱን አንድ ክንድ ያህል ከፈትኩ፣ ማራገቢያውን ከውጭ የሚገባው ብርድ ወደ ላፕቶፑ እንዲነፍስ አድርጌ አቆምኩት። ላፕቶፑ ሽቦው ላይ ሆኖ ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይጠፋ ቆየ። እኔ ጃኬት፣ ኮፍያና ሁለት ካልሲ አድርጌ አጠገቡ አጠናሁ። ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፤ እሱ ይሠራል። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ፈተናው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነበር። ባሌ ልጃችንንና አጎቱን ይዞ ሲዋርድ ሰፈር የታመመ ዘመድ ሊጠይቅ ወጣ። ለባሌም ለአጎቱም ነግሬያለሁ። ለአጎቱ "ጋሼ፣ ዛሬ ፈተና አለብኝ፣ ማንም እንዳይገባብኝ" ስላቸው "ማን ይገባብሻል ልጄ፣ አምላክ ይቅናሽ" ብለው መርቀውኝ ሄዱ።

ካሜራው ሲከፈት ከወዲያ በኩል የማላያት አንዲት ሴት ክፍሉን አሳዪኝ አለች። ግድግዳውን፣ ከጠረጴዛው ሥር፣ ጆሮዎቼን ሳይቀር አሳየሁ። ከዚያ ጃኬትሽን አውልቂ አለች። ኮፍያ ክልክል፣ ሻርፕ ክልክል፤ ኪስ ያለው ነገር ሁሉ ክልክል። መስኮቱን ልዝጋ አላልኳትም፤ ከዘጋሁት ላፕቶፑ እንደሚጠፋ አውቃለሁ። ከወንበሬ መነሳት፣ ሰው ወደ ክፍሉ መግባት፣ ከሁለቱ አንዱ ከሆነ ፈተናው ይሰረዛል ብላ ሕጉን አነበበችልኝ። ገብቶኛል አልኩ። በስስ ሹራብ፣ በጃንዋሪ፣ መስኮት ከፍቼ ጀመርኩ።

የሚገርመው ጥሩ ሄደልኝ። ጥርሴ ይንቀጫቀጫል እንጂ ያልገባኝ ጥያቄ ጥቂት ነበር። ንባቡን ጨረስኩ፣ ሒሳቡን ጨረስኩ፣ ባለፈው ጉድ ያደረገኝን ሳይንስ ገባሁ። አሥራ ሁለት ጥያቄ ሲቀረኝ፣ የኩላሊት ጥያቄ ላይ ሆኜ፣ ፋኑ እንደ ልማዱ ዝም አለ። እጄን አስጠግቼ ዳሰስኩት። ቀዝቃዛ ነው። ሳላስበው ፈገግ አልኩ።

በሩ የተከፈተው ያኔ ነው። አጎቱ ናቸው። ባሌ ከሥራ ተደውሎለት እሳቸውን ደጅ ላይ አውርዶ፣ ፈተናው ገና እንዳላለቀ አንድ ቃል ሳይነግራቸው ልጅቷን ይዞ ሄዷል። እሳቸው ደግሞ ከመንገድ ላይ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ እኔ በስስ ሹራብ ተኮራምቼ አይተው ካፖርታቸውን ገና ከደጅ እያወለቁ ነው የመጡት።

እኔ ደግሞ ብድግ አልኩ።

ላስብበት ጊዜ አልነበረኝም፣ ቢኖረኝም የማስብ አይመስለኝም። ትልቅ ሰው ሲገባ እግሬ ራሱ ይነሳል፤ እንደዚያ ነው ያሳደጉኝ።

"ኖር ጋሼ!"

"በእግዜር፣ በእግዜር፣ ኧረ ተቀመጪ ልጄ!" አሉና ካፖርታቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። "ምነው በዚህ ብርድ? ሳንባሽን አታስቢለትም?" ብለው መስኮቱን ዘጉት።

ስዞር ጥያቄው የለም። ቦታው ላይ ፈተናው ተቋርጧል የሚል ጽሑፍ ወጥቷል። ሴትዮዋን ለመንኳት፣ ጻፍኩላት፣ መልስ የለም። ኩላሊቱ ላይ እንዳለሁ፣ አሥራ ሁለት ጥያቄ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። አጎቱ አጠገቤ ቆመው እጃቸውን እያፋተጉ "ጨረስሽ እንዴ?" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ፣ ጨረስኩ" አልኳቸው። ሌላ ምን ልበላቸው? ከብርድ ሊያወጡኝ የመጡ ሰው ናቸው። ሻይ አፍልቼ ሰጠኋቸው።

ባሌ ሲመጣ ወደ ጋራዥ ወስጄ ነገርኩት። እንዳይሰሙ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እያለቀስኩ። እስክጨርስ ሰማኝና ትከሻውን ሰበቀ።

"እና ማን ተነሺ አለሽ? ቁጭ ብለሽ ሰላም አትያቸውም ነበር?"

ይህን የሚለኝ፣ ልጃችን አራስ ሳለች እያጠባሁ ሳልነሳላቸው ቀርቼ "በአጎቴ ፊት ተንሰራፍተሽ!" ብሎ ሦስት ቀን ያኮረፈኝ ሰው ነው። በአሥር ዓመት ትዳራችን ባሌን የጠላሁት ያን ቀን ነው። እግሬንም ጠላሁት። አጎቱን ግን ልጠላ ብሞክር አቃተኝ፤ ይህ ደግሞ ይብስ አናደደኝ።

"ለእሳቸው ትንፍሽ ብትል እንለያያለን" አልኩት።

እስከ ዛሬ አልነገርናቸውም፤ ውጤቱን ሲጠይቁን በላፕቶፑ አመካኘን። አሁንም ረዳት ነኝ፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ "ትምህርቱን ለምን ተውሽው?" ይለኛል። እኔ ከመናገሬ በፊት አጎቱ ይቀድሙኛል። "ያ ኮምፒውተር ነው ጉድ የሠራት፤ መሃል ላይ ጠፍቶባት" ይላሉ፣ ከልባቸው አዝነው። "አይ እነዚህ ዕቃዎች፣ አይታመኑም" ይላል እንግዳው። ባሌ ስልኩን ያያል። እኔም አዎ፣ ላፕቶፑ ነው እላለሁ፤ ላፕቶፑ ግን ያን ቀን አንዴም አልጠፋም።