ማህተም ያለበት አይቀደድም

ዛሬ ቢሮ ውስጥ ወረቀት መቆራረጫው ማሽን ሲጮህ ሳቄ አምልጦኝ ሻዬን ደፋሁት!

በፈረንጅ ዘጠናዎቹ ጀርመን አገር ኦስትሃፈን የሚባል ወደብ መጋዘን ውስጥ ስሠራ፣ አለቃችን የትኛው ሰነድ እንደሚቀመጥ፣ የትኛው እንደሚቆራረጥ መመሪያ ጽፋልን ወጣች።

ይቆራረጥ ከተባለው አንዱን ማሽኑ ውስጥ ላስገባ ስል ኤርትራዊው ባልደረባዬ ጋሽ ተስፋይ እጄን ያዙኝ። «አንቺ! ማህተም ያለበት ወረቀት ይቀደዳል እንዴ?»

ለመኖሪያ ፈቃድ ማህተም ስንት ዓመት የለመንን ሰዎች ምን እንበል? እሺ አልኳቸው።

ጀርመን ደግሞ ሽቴምፕል የሚሉት ማህተም የማይመታበት ነገር የለ! የካንቲኑ የምሳ ዝርዝር እንኳ ማህተም ስላለበት ከማሽኑ ተረፈ።

አለቃችን ስትመለስ ማሽኑ የበላው አንድ ወረቀት ብቻ ነበር፦ የራሷ መመሪያ።

«ሽቴምፕል የለበትማ!» አሏት ጋሽ ተስፋይ ኮስተር ብለው።

እናንተስ መጣል ያቃታችሁ የትኛውን ወረቀት ነው? የካንቲኑ የምሳ ዝርዝር አሁንም እኔ ጋ አለ።