መሳቢያ ውስጥ ያሉ ስሞች

«ፎቅ በቀለበት የአባቴ ማሳ...» እያለች ታንጎራጉራለች ቢፍቱ፤ ሁለተኛው ስንኝ እንደ ልማዱ ከአፏ ጫፍ ይጠፋባታል። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። የምትጠብቀው ስልክ አለ። ምሳ ዕቃዋ ኮምፒውተሩ ጎን እንደተከደነ ነው።

ስንኙን የሰጧት የፉሪዋ ሙሾ አውራጅ እትዬ ሞልቱ ናቸው። «ከሰው አፍ ግጥም ስትወስጂ ስሙን አስቀድሚ፤ አለዚያ ሌብነት ነው» ብለዋታል። ቢፍቱም ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ባለችው የባህል ማኅበሩ ጠባብ ክፍል ሆና፣ ሠላሳ አንድ ሴቶች ያዜሙትን ስትጽፍ ከረመች። የምትጽፍበት ፕሮግራም ጌጥ አያውቅም፦ ርዕስ፣ ከሥሩ ግጥም፣ ከግጥሙ ሥር ደግሞ እሷ «መሳቢያ» የምትላቸው መስመሮች። ማን አዜመው፣ የት፣ መቼ። አንድ ቁልፍ ሲነካ መሳቢያው ይዘጋል፤ ሲደገም ይከፈታል።

ትናንት የማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሽ ከበበው ከኋላዋ ቆመው አዩና፣ «ይሄ ሁሉ የአሮጊት ስም ግጥሙን አደፈረሰው። 'የሕዝብ ግጥም' ብለን ነው የምናሳትመው። ሰውሪልኝ» አሏት።

ቁልፉን ነካች። ስሞቹ እንደ ጠዋት ጉም ተገፈፉ።

«እንዲህ ነው እንጂ። በይ ለማተሚያ ቤቱ ላኪው።»

ላከችው። ምን እንደላከች ታውቃለች።

ዛሬ ከሰዓት የማተሚያ ቤቱ ጆኒ ደወለ። «ቢፍቱዬ፣ እኔ ጋ ሲከፈት ስም በስም ሆኗል። ይግቡ ወይስ ይውጡ?»

ጋሽ ከበበው እዚያው ነበሩ፤ ሰሙ። «ሰውሪ አላልኩሽም?»

«ሰውሬያለሁ። የተሰወረው ግን ከእኔ ስክሪን ላይ ነው፤ ፋይሉ ሁሉንም እንደያዘ ነው። አጥፊ አላሉኝም።»

«እንግዲያው አጥፊ።»

«አላጠፋም፣ ጋሽ ከበበው።» ተነስታ ወንበሩን ለቀቀችላቸው። «እርስዎ ያጥፉ። ከላይ ይጀምሩ። የመጀመሪያዋ እትዬ ሞልቱ ናቸው፤ የእናትዎን ሙሾ ያወረዱት።»

ተቀመጡ። ጣታቸው ቁልፉ ላይ ደርሶ ቀረ።

«እርስዎስ ያን ቀን 'ሕዝብ ነው ያወረደው' አሉ እንዴ?» አለቻቸው።

«አይ ምላስሽ» አሉ ጋሽ ከበበው፣ ባርኔጣቸውን እያነሱ። «እሺ፣ በትንንሽ ፊደል ይሁን።»

ቢፍቱ ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰች። «ጆኒ፣ ይግቡ። በግጥሙ ፊደል ልክ።»

ጋሽ ከበበው በሩ ላይ ቆም አሉ። ከዚያ ወጡ።

ያኔ የጠፋው ስንኝ ራሱ መጣላት፦ «ስሙን ሳልጠራ እህል አላነሳ።»

ምሳ ዕቃዋን ከፈተች። ሽሮው በርዷል። «እትዬ ሞልቱ» አለች ጮክ ብላ፤ ከዚያ ተቀምጣ ጎረሰች።