ግማሽ ብርጭቆ

ጡንቻን እያዛለ አልጋ ላይ የሚጥለውን ኤኤልኤስ የተባለ በሽታ የምታጠናው ሐኪም የሕሙማኑ ማኅበርም ሊቀመንበር ናት። መድኃኒት ይግባ እያለች ደጅ የምትጠናውም እሷው ናት። ሰሞኑን ግን አዝራር ያለው ልብስ መልበስ ትታለች፤ ጫማዋም ማሰሪያ የለውም።

«ግማሽ ብቻ ቅጂልኝ፣ እህቴ» አለቻት አንድ የስብሰባ ቀን ሻይ ቀጂዋን።

«ምነው እትዬ፣ ያልቃል ብለው ሰጉ እንዴ?»

«ሙሉ ከሆነ ወለሉም ይጠጣል።»

ሻይ ቀጂዋ ሳቀች። ብርጭቆው በሁለት እጅ ተይዞ እንኳ ሲያዘነብል ስታይ ግን ሳቋን አቋረጠች። በሽታው ስንቱን ታማሚ ከእጁ እንዲህ ሲጀምረው አይታለች።

«ለማንም እንዳትነግሪ» አለቻት ሐኪሟ፤ «ሕሙማኑ እኔን አይተው ነው የሚጽናኑት።»

ከዚያ ወዲህ ሻይ ቀጂዋ ለሁሉም ግማሽ ግማሽ ትቀዳለች። ቋጣሪ ቢሏትም ከግማሽ አታልፍም።