ጫልቱ የጠየቀችኝ

ባለፈው ክረምት ዘመዴ ቤት ስደርስ ነጠላ በእንዶድ አጥባ ታሰጣለች። ያ መረር ያለ የአረፋ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ አምቦ፣ ሁሉቃ ወንዝ ዳር፣ ከጫልቱ ጋር ድንጋይ ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ።

ጫልቱ ከሸነን መጥታ አክስቷ ዘንድ የምትኖር፣ ስድስተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። እሷ እስክትመጣ ድረስ ከክፍሉ አንደኛ የምወጣው እኔ ነበርኩ።

በዚያ ዓመት ሰፈራችን የቦኖ ውሃ ገባ። ሴቶቹ ግን ልብስ ለማጠብ ወንዝ መውረዳቸውን አልተዉም። አስተማሪያችን አቶ ግርማ "ቧንቧ እያለ ለምን ወንዝ ይወርዳሉ?" የሚል ጽሑፍ አዘዙን። እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ባማረ የእጅ ጽሑፍ፣ ስላልሠለጠኑ ነው ብዬ ጻፍኩ። ጫልቱ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዝ እየወረደች፣ ከሴቶቹ ጋር እያጠበች ትጠይቃለች። አንድ ቀን አብሬያት ሄጄ ጎረቤታችን አደ ዲንቄ ሲመልሱላት ሰማሁ።

"ቦኖው ጋ ዘበኛው ይሰማናል፤ ባሎቻችንም ያልፋሉ። የተጣላን የምንታረቀው፣ የከፋት የምታለቅሰው እዚህ ነው፣ ልጄ።"

ሰማሁ እንጂ ጽሑፌን አልቀየርኩም።

አቶ ግርማ የጫልቱን ደብተር ለክፍሉ አነበቡ። "ስንፍና ይመስለኝ ነበር፤ ተሳስቻለሁ" አሉና፣ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ እንደሚልኩላት ነገሯት። የእኔን ሳያነቡ መለሱልኝ። በእረፍት ሰዓት ደብተሯን ከዴስኩ አውጥቼ ሽንት ቤት ጣልኩት።

በማግስቱ የጣልኩት እኔ መሆኔን አወቀች። ትመታኛለች ብዬ ስጠብቅ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ለምን ጣልሽው?" አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ የእውነት ማወቅ ፈልጋ ነበር።

"እንጃ።"

"ሲገባሽ ንገሪኝ" አለችና አዲስ ደብተር ገልጣ እንደገና መጻፍ ጀመረች።

ዓመታት አለፉ። ጫልቱ ውጭ አገር ተምራ፣ ሰው እንዴት አስቦ እንደሚወስን፣ መንግሥትም ይህን ሳይረዳ ሲቀር የት እንደሚሳሳት በመመርመሯ ተሸለመች። ፎቶግራፏን ጋዜጣ ላይ ሳይ ጌዶ ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው። ሁለት ቀን ሰው ማናገር አስጠላኝ። በሦስተኛው ቀን ወረቀት አውጥቼ "ቀንቼብሽ ነበር፤ አሁንም እቀናለሁ" ብዬ ጻፍኩላት።

ቅናቱ ዛሬም አልለቀቀኝም። ከራሴ ግን አልደብቀውም፤ ጫልቱ የተወችልኝ ይህንን ነው።