የውሃ ልክ ዳሌ

ባሌን ሠራተኛው ሁሉ «ውሃ ልክ» ነው የሚለው። ሴራሚክ አንጣፊ ነው፤ ነበር ማለት ሳይሻል አይቀርም። ዕድሜውን ሙሉ ቁጢጥ ብሎ የሰው ቤት ሲያሳምር፣ የገዛ ቤታችን ወለል ግን እስከ ዛሬ ሲሚንቶ ነው። አንድ ወለል ሲጨርስ በሲሚንቶ ማንኪያው እጀታ እያንዳንዷን ሴራሚክ ያንኳኳል። ባዶ ድምፅ ከሰጠች፣ ባለቤቱ ተዋት ብሎ ቢለምነውም ይነቅላታል። «ከሥር ካልያዘ ከላይ ማማሩ ምን ያደርጋል?» ይላል። ለሰው ወለል እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ለራሱ አጥንት ምነው ሰነፈ?

ቀኝ ዳሌው አልቆ ካልሲ ማጥለቅ ሲያቅተው ሐኪም ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ሐኪሟ ራጁን መብራት ላይ ሰቅላ አስረዳችን።

«ሁለት መንገድ አለ» አለች። «አንደኛው የጭን አጥንትዎን ራስ ሳንቆርጥ ሞርደን የብረት ቆብ ማልበስ ነው። አጥንቱ ይተርፋል፣ እንቅስቃሴም ብዙ አይከለክልም። ግን ጠንካራ አጥንት ይፈልጋል፤ የእርስዎ ሳስቷል፣ ከቆቡ ሥር ሊሰበር ይችላል። ብረት ከብረት ሲፋተግም ብናኙ ደም ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው የአጥንቱን ራስ ቆርጠን መጋጠሚያውን በሙሉ መቀየር ነው። ለእርስዎ እሱ ይሻላል።»

«ቁጢጥ እላለሁ?»

«በሙሉ ቅየራ ቁጢጥ ማለቱን ይርሱት።»

ፊቱ ጠቆረ። ቁጢጥ የማይል አንጣፊ ምን ይበላል?

እቤት ስንደርስ አብሮት የሚሠራው ታናሽ ወንድሙ እየጠበቀን ነበር። «ወንድም ጋሼ፣ ቆቡ ነው የሚያዋጣህ። ከላይ ይሸፈናል፣ በቃ። የትልቁን ሆቴል ወለል ሥራ እኮ ይዘናል» አለው። እኔ ሐኪሟ ያለችውን ብደጋግም ማን ሰምቶኝ። ሌላ ሐኪም ፈለጉ፤ የፈለገ አያጣም። ባሌ የብረት ቆቡን ደፋ።

ጥቂት ወራት ከጎረምሶቹ እኩል ቁጢጥ ሲል ከረመ። ከዚያ አንድ ቀን ሆቴሉ ውስጥ ማንኪያውን ሊያነሳ ሲጎነበስ አጥንቱ ከቆቡ ሥር ቋ ብሎ ተሰበረ። ያው ሙሉ ቅየራው መጣ፤ አሁን ግን በተሰበረ አጥንት ላይ። እግሩም አጠረ። ውሃ ልክ ዘመመ እያሉ ሠራተኞቹ ይሳሳቃሉ። ወንድሙማ ሌላ ሰው ይዞ ሆቴሉን ጨረሰ፤ ባገኘው ገንዘብ ቤት ሠራ።

ባለፈው ሳሎኔን እዩልኝ ብሎ ጠራን። ወለሉ ያብረቀርቃል። ባሌ መሃል ላይ ቆሞ በምርኩዙ አንኳኳ፤ ባዶ። ፈቀቅ ብሎ አንኳኳ፤ እሱም ባዶ። ለእኔ እንኳ ተሰማኝ።

«እህስ፣ ወንድም ጋሼ?» አለ ወንድሙ፣ ዓይን ዓይኑን እያየ።

«ቆንጆ ነው» አለው ባሌ።

ስንወጣ አላስቻለኝም። «ምነው ዝም አልከው? ዓመት ሳይሞላው ይነሳበታል እኮ።»

ያጠረውን እግር እያስቀደመ ደረጃውን ወረደ።

«ከላይ ተሸፍኖ የለ እንዴ?» አለኝ። «በቃ።»