የድንበር ድንጋይ የሌለበት ሥዕል

ሰሞኑን ደሴ የምትማረው ልጄ በስልኳ አንድ ሥዕል አሳየችኝ። የሆላንድ ሠዓሊ በወጣትነቱ የሣለው ነው፤ ጠፍጣፋ ሜዳ፣ ዝቅ ያለ ሰማይ፣ ተዋህደው አንድ ሰማያዊ ጥላ የሆኑ ዛፎች። እያደር ዛፉንም ሜዳውንም ትቶ መስመርና ባለቀለም አራት ማዕዘን ብቻ ይሥል እንደነበር ልታስረዳኝ ጀመረች። ሥዕሉን ከእሷ በፊት አውቀዋለሁ። አልወደውም።

መካነ ሰላም ዘጠነኛ ክፍል ስማር የሥዕል መምህራችን ይህንኑ ከአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ቀድዶ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። «የማያስፈልገውን እየተወ ነው የሣለው» አለን። ቃሉን አምኜ ቅዳሜ አገር ቤት ስሄድ ማሳችንን ሣልኩ። የጥቅምት ገብስ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ነበር፤ የእኛን ማሳ ከጎረቤት ማሳ የሚለዩትን የድንበር ድንጋዮች ተውኳቸው። እንዲህ ያለ ጅል ነበርኩ።

የማሳ ጎረቤታችን አያ ይመር የቄሱ አባቴ የአጎት ልጅ ነው፤ በየዓመቱ አንድ ትልም እየገፋ የሚያርስ፣ ከነገር በቀር የማይርበው ሰው። ሥዕሉን እቤታችን አየው። በሳምንቱ ድንጋዮቹ ተነቅለው ተገኙ። ማን እንደነቀላቸው አገር ያውቃል። እሱ ግን ቀድሞ ማሳው ዳር ሽማግሌ ሰበሰበና ሥዕሌን አስመጣ።

«ቄሱ ናቸው የነቀሉት። እዩት፣ ልጃቸው እንኳ ያለ ድንጋይ ነው የሣለው።»

ሽማግሌዎቹ ከሰል ሰጥተው «በል፣ የነበሩበትን አስምር» አሉኝ። እኔን ያነደደኝ የሥዕሌ መበላሸት ነበር። ወደ ማሳው ቀና ብዬ ሳላይ የሥዕሉን መሀል በአንድ መስመር ሰነጠቅኩት። እውነተኛው ድንበር ግን ወደ አያ ይመር ጠጋ ያለ ነበር።

«የቄስ ልጅ አይዋሽም፤ ይጽና» አለ አያ ይመር ፈጠን ብሎ።

ተሳስቻለሁ ብል የሚሰማኝ ጠፋ። አባቴም «አንዴ መስክረሃል፤ ቃልህን አታጥፍ» አለኝ።

አባቴ እስኪሞት ድረስ በሬዎቹን እኔ ካሰመርኩት ላይ እየመለሰ አረሰ። አንድ ቀን አልወቀሰኝም፤ ቢገርፈኝ ይሻለኝ ነበር። አያ ይመርም ሞቷል። ሰው ነፍሱን ይማር ሲል እኔ ዝም እላለሁ፤ ልጆቹ ዛሬም ያቺን መሬት ገብስ ይዘሩባታል። ሠዓሊው ዛፉን ቢተው ማንም ጦሙን አላደረም። እኔ የተውኩት የአባቴን እንጀራ ነው።